ጎል መድኃኒት አይደለም

ሪቻርሊሰን ሲያለቅስ ስቀንበታል። እውነቱን እናውራ ከተባለ መጀመር ያለብን ከዚህ ነው።

ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ነው። ብራዚል ቦሊቪያን 5 ለ 1 ባሸነፈችበት ጨዋታ አጥቂው ጎል ሳይቀናው ተቀይሮ ወጣ። ተጠባባቂዎቹ ጋ ተቀምጦ እንባው መጣ። እኛም ፎቶውን በስልካችን እየተቀባበልን «አምስት ጎል በተደገሰበት ቤት ጦሙን ያደረ» እያልን ቀለድን። በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ሰርቢያ ላይ አየር ላይ ተጠማዞ ያገባትን ጎል ስናይ፣ ከወንበራችን ዘለን የማናውቀውን ሰው ያቀፍነውም እኛው ነን።

እሱ ግን ነገሩን አልደበቀም። እንግሊዝ ሲመለስ የሥነ ልቦና ባለሙያ እርዳታ እንደሚፈልግ በአደባባይ ተናገረ። በሳምንቱ ለቶተንሃም ተቀይሮ ገብቶ ሼፊልድ ዩናይትድ ላይ በ98ኛው ደቂቃ የአቻነቷን ጎል አገባ፤ የማሸነፊያዋንም ኳስ አመቻቸ። «በቃ፣ ዳነ!» አልን። ፋይሉን ዘጋነው።

የተቸኮለው ግን የእኛ ነበር። በማርች 2024 ለኢኤስፒኤን ብራዚል በሰጠው ቃለ ምልልስ፣ ከዓለም ዋንጫው በኋላ ድባቴ ውስጥ ገብቶ እንደነበር ተናገረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሕልሙን አብረውት ላሳደዱት አባቱ «ልተወው ነው» እስከማለት ደርሶ ነበር። ሕይወቴን ያተረፈችው የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ናት አለ። ቀድሞ እሱ ራሱ እንዲህ ያለውን እርዳታ ይንቀው እንደነበርና ባለሙያ ዘንድ የሚሄድ ሰው እንደ እብድ እንደሚታይም አልሸሸገም።

«እብድ» የምትለዋን ቃል እኛም በደንብ እናውቃታለን። አማኑኤል ሆስፒታልን ስንቶቻችን ነን ለስድብ ካልሆነ በቀር የምንጠራው? «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ፣ «ሆድ ይፍጀው» እየተባለ የተመከረ ትውልድ ነን።

«ሚሊዮን እየተከፈለው ምን ጎደለበት?» የምትሉ አትጠፉም። መልሳችን አጭር ነው። ጉልበቱ ሲጎዳ ደመወዙ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የጉልበት ጅማት ከተበጠሰ ስድስት ወር፣ ዘጠኝ ወር ሲባል «ይማርህ» ብለን እንጠብቃለን። ለአእምሮ ሲሆን ግን የምንሰጠው አንድ ጨዋታ ነው፤ ካገባ ድኗል፣ ከሳተ አስመስሏል።

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነውም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ተጫዋቹ ቁስሉን ሲነግረን ጆሯችን የሚቆመው «መቼ ወደ አቋምህ ትመለሳለህ?» በሚለው ላይ ነው። ግልጽነቱን እናጨበጭብለትና ወዲያው ክፍያውን በጎል እንጠይቀዋለን። አንድ ሰው ግን ጎል ባያገባም መዳን ይገባዋል። ጎል እያገባም ሊታመም ይችላል።

ደግሞ ሪቻርሊሰን የእኛን ሳቅ አልሰማም። ለንደን ድረስ አይደርስም። የሰማው አጠገባችን ተቀምጦ ጨዋታውን ያይ የነበረው ጓደኛችን ነው። ሰሞኑን ዝም ያለው፣ «ደክሞኝ ነው» እያለ ቶሎ የሚሄደው። ያስጨነቀውን ሊነግረን ሲያስብ ቆይቶ፣ በሰው እንባ ስንቀልድ ሰምቶ ይሆናል ዋጥ ያደረገው።

እስቲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ኳሱ ሲያልቅ ስለ ውጤቱ ከመከራከራችን በፊት እሱን «እንዴት ነህ?» እንበለው። «ደህና ነኝ» ሲለን ደግሞ ለመነሳት አንቸኩል።