እባብ የነደፈውን እግር በገመድ አትሰሩት

በወላይታ ዞን ከቤሌ ወደ ኦሞ ወንዝ በሚወርደው ቆላ ለምትኖሩ እፉኝት አዲስ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ጅራቱን እያንሿሿ የሚያስጠነቅቅ እባብ አለ፤ የእኛው እፉኝት ግን ቀለሙ ከደረቅ ሣርና ከአፈር ጋር ስለሚመሳሰል ሰው ሲቀርበውም ሳይሸሽ ተጋድሞ ይቆያል። ለዚህም ነው ከብት ጠባቂውና አራሹ ብዙ ጊዜ እግራቸው ላይ የሚነደፉት።

እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገመድ ይመጣል፣ ምላጭ ይመጣል። የእፉኝት መርዝ ሥጋ የሚያበላሽ በመሆኑ እግሩን አጥብቆ ማሰር መርዙን አንድ ቦታ አከማችቶ የደም ዝውውሩን ያቋርጣል፤ ከመርዙ ሊተርፍ የሚችል እግር በገመዱ ሳቢያ ሊቆረጥ ይችላል። መርዙ ደም እንዳይረጋም ስለሚያደርግ በምላጭ የተበጣው ቁስል መድማቱን አላቆም ሊል ይችላል። በአፍ መምጠጡም ጥቅም የለውም።

ይልቅስ እብጠቱ ሳይብስ አልቦውን፣ ቀለበቱንና ጫማውን አውልቁ። እግሩን በእንጨት ደግፋችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ፤ ተጎጂው በእግሩ አይሂድ፣ በቃሬዛም ሆነ በሞተር ብስክሌት ይወሰድ። እባቡን አሳዶ ለመግደል መሞከር ሁለተኛ ተነዳፊ ያመጣል።

የመርዙ ማርከሻ ፀረ መርዝ መድኃኒቱ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን እ.አ.አ በ2017 ትኩረት ከሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። እኔ ግን መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻ አይበቃም እላለሁ፤ የቆላ ወረዳዎች ዓመታዊ የመድኃኒት ግዥ ሲያቅዱ እንደ ወባ መድኃኒት ሁሉ ይህንንም ማሰብ አለባቸው። መድኃኒቱ ራሱ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል የሚሰጠው ክትትል ባለበት ጤና ተቋም ነው። ስለዚህ ተጎጂውን ይዛችሁ ስትነሱ አንድ ሰው ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ሶዶ ይደውል፤ ፀረ መርዙ የት እንዳለ ሳይታወቅ መንገድ ላይ ሰዓት አይባክን።