ወፏ ተቀየመችን?

ጭሮ ያለችው ጓሮዬ ከአንድ ሳሎን አትሰፋም። አምና በበልግ ጥቃቅን አረንጓዴ ተባዮች ጽጌረዳዬን ወረሯት። በሥራዬ «ፈጣን ውጤት» እያልኩ ማስታወቂያ የምጽፈው እኔ፣ ለጫት የሚረጨውን ፀረ ተባይ ገዝቼ ረጨሁ። ተባዩ ጠፋ። ንቦቹም አብረው ጠፉ። በየማለዳው ትመጣ የነበረችው፣ ቆልማማ ምንቃር ያላት ትንሽዬ ወፍም ቀረች። ልጄ «ወፏ ተቀየመችን?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

ይህች ወፍ ከአበባ ወለላ ብትቀስምም ጫጩቶቿን የምታሳድገው በነፍሳትና በሸረሪት ነው። ተባዩን ስንመርዝ ማዕዷንም እንመርዛለን።

እርስዎም በሂርና፣ በገለምሶ ወይም በበዴሳ ግቢ ካለዎት ይህን ይሞክሩ፦
• ተባይ ሲያዩ ጥቂት ሳሙና በውኃ በጥብጠው የቅጠሉን ጀርባ ይጠቡ።
• በመስከረም በራሳቸው ከሚበቅሉት የዱር አበቦች ጥቂቱን ሳይነቅሉ ይተዉ።
• ለበጋ ሬት ይትከሉ፤ ውኃ ሲጠፋም አብቦ ወፎችን ይጠራል።
• እስስትን አያባርሩ፤ ዝንብና ፌንጣ ይለቅምልዎታል።

ዘንድሮ ሬቱ ሲያብብ ወፏ መጣች። ልጄ በመስኮት አይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታረቀችን» አለችኝ።