ለዝግጅት ክፍላችን የትኛው ስዊች ይገዛ?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኔትወርክ ስዊች ምን አገባው ትሉ ይሆናል። እኔም ባለፈው ሴሚስተር እንዲሁ እል ነበር። የልምምድ ጋዜጣችንን ልንጨርስ ፎቶ ብቻ ሲቀረን፣ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው መላክ አቅቶን አመሸን። ነገሩ ምን ሆኖ ተገኘ? አንድ ሰው “ላስተካክል” ብሎ የአንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሰክቶታል! እንዲህ ሲሆን ለሁሉም ኮምፒውተር የሚላክ መልእክት በዚያ ቀለበት እየዞረና እየተባዛ መስመሩን ያጣብበዋል፤ ኔትወርኩም ቀጥ ይላል። ጋዜጣው በማግሥቱ አልወጣም። በፍላሽ ስንመላለስ የገባው ቫይረስ ደግሞ የአንዲት ጓደኛችንን ቃለ ምልልስ አጠፋባት።

አሁን አዲስ ስዊች ሊገዛ ነው ተብሎ ክርክሩ ደርቷል። ገሚሱ “ከተገዛ አይቀር ባለ 24 መሰኪያ፣ ማኔጅድ ይሁን” ይላል። ማኔጅድ የሚባለው ኔትወርኩን ለመከፋፈልና ለመቆጣጠር የሚያስችል ነው፤ ዋጋውም ከተራው ይወደዳል። ታዲያ ማን ሊቆጣጠረው? የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ልጅ ሲመረቅ ነገሩ አበቃ። ሌላው ደግሞ ባለ 8 ይበቃል ባይ ነው። እስቲ እንቁጠር፦ 6 ኮምፒውተር፣ 1 ፕሪንተር፣ ከራውተሩ የሚመጣ 1 መስመር። ሞላ! ላፕቶፕ ይዞ የመጣ ሰው የማንን ነቅሎ ሊሰካ ነው?

እኔ በበኩሌ ባለ 16፣ ተራ፣ ግን ጊጋቢት የሆነና ቀለበት ሲፈጠር ለይቶ የሚያግድ ይገዛ እላለሁ። ተራ ከሚባሉትም ይህ ያላቸው አሉ። ጊጋቢት ያልኩት ለጉራ አይደለም። 4 ጊጋባይት ቪዲዮ በ100 ሜጋቢት መስመር ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ በጊጋቢት ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ካላዘገየው ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ኢንተርኔቱን ያፈጥናል ብላችሁ ግን እንዳትጠብቁ፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

የተረፈው ብር ገመዱ ላይ ይዋል። ጊጋቢት በገመዱ ውስጥ ያሉትን 8 ሽቦዎች በሙሉ ይፈልጋል፤ አንዷ ከተበጠሰች ወይ ወደ 100 ይወርዳል ወይ ጭራሽ አይገናኝም። በሩ ሥር ስንረግጠው የምንውለውን ገመድ መቼም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስዊቹም ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ አለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሮቹ በርተው እርስ በርስ አይገናኙም።

የግዥ ኮሚቴው ፕሮፎርማ ከመሰብሰቡ በፊት አንዴ መጥቶ ክፍሉን ይይልን። ቁልፉ ጸሐፊዋ ዘንድ ነው።