የእናቶች ማቆያ፡- ቤቱ ተሠርቷል፣ እናቶቹስ?

በገጠር የምትኖር ነፍሰ ጡር የመውለጃዋ ቀን ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ጤና ተቋም መጥታ እንድትሰነብት የሚዘጋጅላት ቤት «የእናቶች ማቆያ» ይባላል፡፡ ሐሳቡ ቀላል ነው፡፡ ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምም አምቡላንስ ጭቃውን አልፎ እስኪደርስ አይጠብቅም፡፡ መንግሥትም ማቆያዎቹ በየጤና ጣቢያው ግቢ እንዲሠሩ ሲገፋፋ ቆይቷል፡፡ አሠራሩ ያን ያህል ውጤት አምጥቷል ወይ የሚለውን በጥናት ለመመለስ ከተሞከረባቸው ጥቂት አካባቢዎች አንዱ ጅማ ነው፡፡

ከጅማው ጥናት በፊት ለማቆያዎቹ ዋና ማስረጃ ሆኖ ይጠቀስ የነበረው በጉራጌ፣ ከወልቂጤ አቅራቢያ ካለው አጣጥ ሆስፒታል የተገኘ መረጃ ነው፡፡ የሆስፒታሉ የ22 ዓመት መዝገብ (እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008) ሲመረመር፣ በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች በ100 ሺሕ ሕፃናት ሲሰላ ወደ 90 ነበሩ፡፡ በማቆያው ሳያልፉ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ሆነው ተገኙ፡፡ ሞተው የተወለዱት ሕፃናትም ከሺሕ ወደ 18 እና ወደ 191 ነበሩ፡፡

ልዩነቱ አስደናቂ ነው፤ ሆኖም እንዳለ መወሰድ የለበትም፡፡ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ቤታቸው ሁለት ቀን አምጠው፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ናቸው፡፡ ስለዚህ ንጽጽሩ የማቆያውን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የመጣችውንና ዘግይታ የደረሰችውን ሴት ዕድልም ጭምር ያሳያል፡፡

የጅማ ዩኒቨርሲቲና የካናዳው ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ችግር ለማለፍ በዕጣ የሚመደብ ጥናት አካሄዱ፡፡ በጎማ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ ወረዳዎች 24 ጤና ጣቢያዎች ከነሥራቸው ካሉት ጤና ኬላዎች ጋር ለሦስት ተከፈሉ፡፡ በመጀመሪያዎቹ ማቆያው ተሻሽሎ የአካባቢ መሪዎችና የሃይማኖት አባቶች ሥልጠና ወሰዱ፤ በሁለተኞቹ ሥልጠናው ብቻ ተሰጠ፤ ሦስተኞቹ በነበሩበት ቀጠሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ቁጥር በሦስቱም ጨመረ፡፡ በመካከላቸው ግን አስተማማኝ የሚባል ልዩነት አልተገኘም፡፡

ይህ ለምን ሆነ? አንዱ መልስ አገሪቱ ራሷ በዚያ ወቅት እየተለወጠች መሆኗ ነው፡፡ በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2011 በጤና ተቋም የሚወለዱት 10 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 48 በመቶ ደረሱ፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና አምቡላንሶች ማቆያ ወዳለበትም ወደሌለበትም ይሄዱ ነበር፡፡ ሁሉም በሚራመድበት ጊዜ የአንዱን እርምጃ ለይቶ መለካት ያስቸግራል፡፡

ሁለተኛው መልስ ይበልጥ ያሳስባል፡፡ ጥናቱ ሲጀመር በማቆያ ቆይተው የሚያውቁት እናቶች 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፡፡ አብሯት ወደ ጤና ተቋም የሚሄድ ሰው ያላት ሴት በማቆያው የመጠቀም ዕድሏ ከፍ ያለ መሆኑም ታይቷል፡፡ ነገሩ ታዲያ ከግድግዳና ከአልጋ ያልፋል፡፡

የአጋሮን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፡፡ ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቡና ሲለቀም ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ሳይባል ሁሉም ጫካና ጓሮ ነው፡፡ የዓመቱ ገንዘብ የሚገኘው በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው፡፡ በኅዳር የምትወልድ ሴት ሦስት ሳምንት ጤና ጣቢያ ተቀመጪ ስትባል፣ ቡናውን ማን ይለቅማል፣ ልጆቹን ማን ያበላል፣ የእሷንስ ስንቅ ማን ያመላልሳል? አገልግሎቱ በነፃ ነው ማለት ለቤተሰቡ ወጪ የለውም ማለት አይደለም፡፡ ክረምት ላይ ደግሞ ቡናው ቢያርፍ መንገዱ ይበላሻል፡፡

በእኔ እምነት የጅማው ውጤት «ማቆያ ጥቅም የለውም» ተብሎ መነበብ የለበትም፡፡ ጥናቱ የለካው የት ወለዱ የሚለውን እንጂ ስንቶቹ ከሞት ተረፉ የሚለውን አይደለም፤ ያን ለማወቅ እጅግ የበዙ እናቶች ያስፈልጉ ነበር፡፡ ከዚህ ሌላ የአጣጡ ማቆያ ያለው ቀዶ ጥገና በሚሠራበት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው፡፡ የጅማዎቹ ያሉት በጤና ጣቢያ ነው፡፡ ልጁ ተጣሞ ቢመጣ ወይም ምጡ ቢጠና እናትየዋ እንደገና አምቡላንስ ፈልጋ ወደ ሆስፒታል መጓዝ ይኖርባታል፡፡ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ውጤት መጠበቅ የዕቅድ ስሕተት ነው፡፡

ሕክምናው ራሱ ግን ወደፊት ሄዷል፡፡ ማግኒዥየም ሰልፌት በእርግዝና የደም ግፊት ሳቢያ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 ተረጋግጧል፡፡ በ2023 ደግሞ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ጥናት፣ የሚፈሰውን ደም በምልክት ባለው ፕላስቲክ ለክቶ ሕክምናውን ወዲያው በአንድነት መስጠት ከባድ የደም መፍሰስንና መዘዙን በ60 በመቶ መቀነሱ ታይቷል፡፡ ሁለቱም ውድ አይደሉም፤ የሚሠሩት ግን ሴቲቱ አዋላጅ ነርስ ፊት ከቀረበች ነው፡፡

ስለዚህ ከአዲስ ግንባታ በፊት ሁለት ነገር ቢታሰብ ይሻላል፡፡ አንደኛው ቀድሞ በቀዶ ጥገና የወለደችውን፣ መንታ የያዘችውን፣ ግፊቷ ከፍ ያለውን ለይቶ በቀጥታ ሆስፒታል አጠገብ ማቆየት ነው፡፡ ሌላው ስንቅ ነው፡፡ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከፍትሐዊ ንግድ በሚያገኙት ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲሠሩ ኖረዋል፡፡ ከዚያው ገንዘብ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለማቆያው እህልና ለአንዲት ወጥ ሠሪ ደመወዝ ቢመድቡ፣ ጎረቤቱም በዳዶ ተባብሮ የነፍሰ ጡሯን ቡና ቢለቅምላት ወጪው ከአንድ አዲስ ቤት ያንሳል፡፡