ዴርቶጋዳን ለሚፈልግ ተማሪዬ



በቅርቡ በፔዳ ግቢ ከክፍል ስንወጣ አንድ ተማሪዬ ተከተለኝና «ዶክተር፣ ዴርቶጋዳ በእውን ጣና ሥር አለ?» ሲል በቁም ነገር ጠየቀኝ። ሣቅሁ። ቆይቼ ግን ሣቄ አሳፈረኝ፤ ጥያቄው የእርሱ ብቻ አልነበረምና።

የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በተደጋጋሚ ታትሟል፤ «ራማቶሓራ»ን የመሰለ ተከታይም አፍርቷል። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ተራ ልብ አንጠልጣይ» ብለው ያልፉታል። አልስማማም። ከንባብ የራቀውን ወጣት መጽሐፍ ያስጨበጠ ደራሲ ምስጋና እንጂ ንቀት አይገባውም። መመርመር ያለበት የእኛ የአንባቢዎቹ ጥማት ነው። ኃያላን የስለላ ድርጅቶችን ተፋልሞ አገር የሚታደግ አንድ ብርቱ ሰው ስለ ምን እንዲህ ያጓጓናል?

መልሱ መራራ ነው፤ እንዲህ ያለው ጀግና እኛን ከሥራ ነጻ ያወጣናል። እርሱን መጠበቅ እንጂ መደራጀት፣ ማዋጣት፣ ተከራክሮ መስማማት አይጠበቅብንም። ልማዱም አዲስ አይደለም። ደጃዝማች ካሣ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጡት፣ በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረለትን ንጉሥ የሚጠብቅ ሕዝብ ስለነበረ ነው።

በልቦለዱ ስላለው የጠፈር ሊቅ ሲያነቡ ብዙዎች በ1998 ዓ.ም. ያረፉትን ኢንጂነር ቅጣው እጅጉን ያስታውሳሉ። እኒህ ሰው ግን ከምስጢር ዋሻ አልወጡም፤ የተማሩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ በፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ነው። ሊቁን ያፈራው ተቋም ነው።

ጣናስ? ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ ሲወርረው ከሐይቁ ሥር የወጣለት ጀግና የለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በተጀመረው ዘመቻ ውኃ ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው የነቀሉት፣ ስማቸውን ማንም ያልመዘገበላቸው ገበሬዎች ናቸው። የአረሙ ዘር ግን በደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ የአንድ ሰሞን ዘመቻ እንኳ አይበቃም፤ በየዓመቱ የማይታጠፍ በጀት፣ የሚሠራ ማሽን፣ የሚጠየቅ ኃላፊ ያስፈልጋል። ይህ ልብ አያንጠለጥልም፤ ሐይቅ የሚያድነው ግን ይኸው አሰልቺ ሥራ ነው።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኛ ሃምሳውንም ሎሚ አንድ ሰው ላይ ጭነን ጉብጠቱን ስናይ «ከዳን» የምንል ሕዝብ ሆነናል።

ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ዴርቶጋዳ የለም፤ ጣና ግን አለ። መጽሐፉን አንብብ፤ ጀግናውን ግን አትጠብቅ።

ቸር እንሰንብት።