ባዶ ሆኖ ስለሚገኝ ስም

በየመሥሪያ ቤቱ በኮምፒውተር የሚሠሩ ሁሉ በየቀኑ የሚደጋገመውን ሥራ በስክሪፕት ማሠራት እንደ ለመዱ እናውቃለን። ስክሪፕት ማለት ትእዛዞች በተራ የተጻፉበት ጽሑፍ ነው። ነገር ግን የፋይሉ ሥፍራ፣ የሥራው ቋንቋና የምሥጢር ቃሉ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ስለሚለያዩ፣ እነዚህን በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ አይገባም። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስምንና ዋጋን እያጣመረ በዙሪያው ይይዛል፤ ይህም ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይባላል። ልማዱም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው ዩኒክስ ጀምሮ የቆየ ነው።

ለምሳሌ፣ ላንግ የተባለው ስም ቋንቋን ያመለክታል። የአማርኛው ዝግጅት በተጫነበት ሊኑክስ ላንግ ለኢትዮጵያ አማርኛ ሲደረግ፣ ቀን የሚነግረው ፕሮግራም የዕለቱን ስም በአማርኛ ይጽፋል፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲለወጥም በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ከፕሮግራሙ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም።

አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲያስነሣ የእነዚህን ስሞች ቅጂ ያወርሰዋል። ወራሹ በቅጂው ላይ ቢሰርዝ ቢደልዝ ወደ አውራሹ አይመለስም። ደግሞም ሠራተኛው በእጁ ሲያስነሣው በደኅና የሠራ ስክሪፕት፣ ሌሊት በተወሰነ ሰዓት ክሮን በተባለው ፕሮግራም ሲነሣ ጥቂት ስሞችን ብቻ ስለሚወርስ ሊሰናከል ይችላል።

በፓይተን ቋንቋ ስሙ ኦኤስ ኢንቫይሮን ከተባለው መዝገብ በማዕዘን ቅንፍ ሲጠየቅ፣ ከሌለ ሥራው በስሕተት ማስታወቂያ ይቆማል። ጌትኤንቭ በተባለው ሲጠየቅ ግን «ምንም» የሚል መልስ ተሰጥቶ ሥራው ይቀጥላል። በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ዋጋ ጽሑፍ እንጂ ቍጥር አይደለም፤ 10 ተብሎ የተመዘገበውም ከመደመሩ በፊት ወደ ቍጥር መለወጥ አለበት።

በሼል አደጋው የባሰ ነው፤ የሌለ ስም ሲጠየቅ ሼሉ በስፍራው ባዶ ተክቶ ይቀጥላልና። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 መጀመሪያ የተሰማው የስቲም ነገር ምስክር ነው። የስቲም የሊኑክስ ስክሪፕት የራሱን ማኅደር ሥፍራ በአንድ ስም ይዞ፣ «ከዚህ ሥፍራ በታች ያለውን ሁሉ ደምስስ» የሚል ትእዛዝ ነበረበት። ማኅደሩ በተዛወረበት ኮምፒውተር ስሙ ባዶ ሆነ፤ ትእዛዙም ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ደምስስ ወደ ማለት ተለወጠ። ባለቤቱ የግል ፋይሎቹን አጣ፤ በውጭ ዲስክ ያኖረው መጠባበቂያ እንኳ አልተረፈለትም። ያ ስም ስክሪፕቱ ራሱ ያወጣው እንጂ የተወረሰ አልነበረም፤ ሆኖም ሼል ሁለቱን በአንድ መንገድ ስለሚያነብ ትምህርቱ ለሁለቱም ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በሼል ስሙ በጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ሆኖ፣ ከኋላው የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብና የጥያቄ ምልክት ቢከተሉት፣ ስሙ ባይኖር ወይም ባዶ ቢሆን ስክሪፕቱ ምክንያቱን ገልጾ ይቆማል። «ሴት ዩ» የተባለው ትእዛዝ ግን ጨርሶ ያልተመዘገበውን ብቻ ያግዳል፤ ተመዝግቦ ባዶ የሆነውን ያሳልፋል። የስቲሙንም ባላገደው ነበር።

ስለዚህ የሚደመስስ ወይም ገንዘብ የሚከፍል ስክሪፕት የሚጽፍ ሁሉ፣ የሚያነባቸውን ስሞች በመጀመሪያዎቹ መሥመሮች እንዲመረምር እናሳስባለን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንደዚህ ያለው ሥራም ይሆናል።