ለቤት እንስሳት እህል ስንሰጥ



በዓል ሲቃረብ በየግቢያችን በግ አስሮ ገብስ መመገብ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱን የሚነቅፍ የለም። ይሁንና ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ እዚሁ ሠፈር በግ ተነፍቶ ሲሞት አይተናል። አንዳንዱ ሰው "ቡዳ በላው" አለ። እንደ እኛ እምነት ግን በጉን የገደለው ራሱ የበላው ገብስ ነው።

የበግ ሆድ የሚስማማው ሣርና ድርቆሽ ነው። ሣር ሲግጥ የኖረን በግ ከገበያ አምጥተን በዚያው ቀን አንድ ጣሳ ገብስ ብናቀርብለት፣ እህሉ ሆዱ ውስጥ ይፈላና ይኮመጥጣል። በጉ መብላት ያቆማል፣ ይነፋል፣ ይቀዝናል፤ ባሰ ሲልም በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ ድርቆሽ ይብላ፤ ከዚያ አንድ እፍኝ ገብስ ይሰጠው። ሁለት ሳምንት ያህል ቀስ እያልን እንጨምርለት፤ እሱንም ጠዋትና ማታ ከፍለን። ጆንያውም ገመዱ ከሚያደርስበት ይራቅ፤ በግ በቃኝ አያውቅም! ከተነፋ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ነው።

ልጆች ጥንቸል የሚያሳድጉበት ቤት ካለም ነገሩ ያው ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ የሚሞርደውም ሣርና ድርቆሽ ነው። የበላችውን ማስታወክም አትችልም። እህል ከተሰጣት አንድ ማንኪያ ይበቃታል።

ከሁሉ የባሰው የሻገተ እህል ነው። "ለሰው ባይሆን ለከብት" እያልን እንሰጣለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ ከሻጋታ የሚመጣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ተገኝቷል። በዋናነት የመጣውም ላሞቹ ከሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ነበር። ወተቱን ብናፈላው እንኳ መርዙ አይጠፋም። እንግዲህ ለላም የሰጠነው ዞሮ ልጆቻችን ብርጭቆ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ይህ ሆኖ ሳለ የሻገተ ስንዴ ከአጥር ውጭ የሚደፉ አሉ። የሚለቅመው የማን ዶሮ ነው? የጎረቤት አይደለም ወይ? መድኃኒት የተቀባ ቀይ ዘርማ ጭራሽ ደጅ መውጣት የለበትም። የሻገተውን ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ አርቀን፣ ዶሮ ጭራ በማታወጣው ጥልቀት እንድንቀብር፤ መድኃኒት የተቀባ ዘር የነበረበትን ከረጢትም አጥበን የእህል መያዣ እንዳናደርግ ማኅበሩ ያሳስባል።

የማኅበሩ ጸሐፊ